ሬዲዮና ባለ ጉድጓዷ

ሹፌሮቹ «ሬዲዮ» ብለው የሰየሙት ድምፁ ስለማይሰማ ነው። ቦቴ የሚነዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ወሬኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመሪ ጋር ተፋጦ ውሎ ሰው ሲያገኝ የተጠራቀመውን ሁሉ ያራግፈዋል። እሱ ግን ሻይ ቤት ሲገባ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ የሌሎቹን ቀልድ ሰምቶ ፈገግ ይላል፣ ሻዩን ጨርሶ ይወጣል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስል ነበር። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል። ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእሱንም ድርሻ ጨምራ የምታወራው እሷ ናት።

የሚያመላልሰው አየር ነበር። ሥራውን የያዘ ሰሞን እህቱ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ታዲያ ባዶ መኪና ነድተህ ሄደህ ባዶ መኪና ልትመልስ ነው?» አለችው።

ባዶስ አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ትልልቅ ማራገቢያዎች እንደ ፎቅ ተደራርበው በረድፍ ቆመዋል። አየሩን በአንድ ወገን ይስቡታል፤ ውስጣቸው ያለው ማጣሪያ የተቃጠለውን አየር፣ ያን ከየፋብሪካውና ከየመኪናው ጭስ ሲወጣ ኖሮ ምድሩን ያሞቀውን፣ ለይቶ ያስቀረዋል፤ የተረፈው በሌላው ወገን ይወጣል። ማጣሪያው ሲጠግብ ይዘጋና ይሞቃል፣ የያዘውንም ይለቃል። ያ ተጨምቆና ቀዝቅዞ እንደ ውሃ ፈሳሽ ይሆናል። ሬዲዮ ማልዶ በቦቴው ይጭንና ጥቁር ድንጋይ ወደሞላው ኮረብታ ይነዳል፤ ሲደርስ እኩለ ቀን ይሆናል። እዚያ ጭነቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በጥልቅ ጉድጓድ ወደ አለቱ ሆድ ይገፋል። ውሎ አድሮም ራሱ ድንጋይ ይሆናል። አንድ ጊዜ መሐንዲሱ ከጉድጓዱ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ ቁራጭ ለሹፌሮቹ አሳይቷቸው ነበር፤ ጥቁሩ ድንጋይ በነጭ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ነጩ እናንተ ያመጣችሁት ነው ሲላቸው ሌሎቹ ቁራጩን እየተቀባበሉ ቀለዱበት። ሬዲዮ ግን ተራው ሲደርስ ቶሎ አልመለሰውም። ዕድሜውን ሙሉ ነዳጅ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ የጫነው ሁሉ ተቃጥሎ ጭስ ሆኖ ሲቀር እንጂ ድንጋይ ሆኖ ሲቀመጥ አይቶ አያውቅም።

ጉድጓዱን የምትቆጣጠረው አንዲት ሴት ነበረች። ሹፌሮቹ «ባለ ጉድጓዷ» ይሏታል። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ረጋ ያለች፣ ሥራዋ ላይ ግን ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ቱቦው ከቦቴው ጋር ሲገጠም መጋጠሚያውን በጓንቷ ዳብሳ፣ ጎንበስ ብላ አይታ፣ ካላማራት እንደገና ታስፈታለች። ማራገፉ ከተጀመረ በኋላ ሁለቱም ከፍ ብሎ ከተሠራው መጠለያ ሆነው መጠበቅ ነበረባቸው። የተቃጠለ አየር ከሌላው አየር ይከብዳል፤ ካመለጠ እንደ ጎርፍ ውሃ ዝቅተኛ ቦታ ፈልጎ ይተኛል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ጋዝ ጠቋሚዎቹ እንኳ የተሰቀሉት ከጉልበት ከፍታ ላይ ነው። እንግዲህ ቦቴው እስኪራገፍ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ባለ ጉድጓዷና ሬዲዮ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአመዳይ ነጭ የሆነውን ቱቦ እያዩ ይቆያሉ።

መጀመሪያ ያወሩት ስለ ጎማና ስለ መንገድ ነበር። እየዋለ እያደረ ሌላው መጣ። ባሏ የመርከብ በያጅ ነበር። ሥራ ፍለጋ ወደ ወደብ ከተማ ሄደ፤ መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር፣ ከዚያ ጥሪው እየራቀ ሄደ፣ በኋላም ስልኩ ጨርሶ ዝም አለ። እናቱን እሷ ዘንድ ትቷት ነው የሄደው። አማቷ ዛሬም ድረስ ልጇ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ሞቷል የሚሉ አሉ፤ አሮጊቷ ፊት ግን ይህን የሚደፍር የለም።

«ሚስት ነኝ እንዳልል ባል የለኝ። ፈት ነኝ እንዳልል የፈታኝ የለ» አለችው አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከግፊት መለኪያው ላይ ሳታነሳ። «ሲመሽ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ዛሬም ብድግ እላለሁ። እርስዎ እንኳ ያውቁታል፤ የት እንዳለች ያውቃሉ።»

ሚስቱን ማለቷ ነበር። ስለ ሚስቱ ለማንም አውርቶ የማያውቀው ሰው ለእሷ አውርቶላታል፤ መጨረሻ ላይ እጇ እንዴት ቀሎ እንደነበር፣ ከሞተች በኋላም ሱቅ ገብቶ ሳያስበው የምትወደውን ሳሙና ገዝቶ እንደተመለሰ።

ሌሎቹ ሹፌሮች ቶሎ ነቁበት። የኮረብታው ተራ የሌላ ሰው ሲሆን ሬዲዮ እለዋወጣለሁ ይላል። ሸሚዙ መተኮስ ጀመረ። «ሬዲዮ ጣቢያ አገኘ» እያሉ ሻይ ቤቱን በሳቅ ያናውጡት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው ከተማውን አዳርሶ እህቱ ቤት ሲገባ እሱ ገና አልሰማም።

አንድ ቀን እያራገፉ ሳለ መጋጠሚያው ለቀቀ። ከቱቦው ነጭ ጉም እያፏጨ ወጣና ቦቴው የቆመበትን ረባዳ ሞላው። ሬዲዮ ሳያስብ ብድግ ብሎ ወደ ቦቴው መዝጊያ ሮጠ። ገና ረባዳው ውስጥ ሲገባ ትንፋሹ አጠረው፤ የሚስበው አየር ደረቱ ውስጥ አልገባ አለ፣ ጆሮው ጮኸ፣ ጉልበቱ ከዳው። ከላይ ድምፅዋን ሰማ፦

«ተመለስ! አንተ፣ ተመለስ!»

መጠለያው ውስጥ ያለውን መዝጊያ ተጭና፣ የአየር ጭንብሏን አጥልቃ ወርዳ በኮሌታው ጎትታ አወጣችው። ዳገቱ ላይ ሁለቱም መሬት ላይ ተዘረፈጡ። ጭንብሉን ስታወልቅ ፊቷ በቁጣ ገርጥቶ ነበር። ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ አላናግርህም አለችው። ከዚያ ተነስታ ሄዳ አደጋውን ለመሥሪያ ቤቱ በስልክ አሳወቀች።

በሚቀጥለው ጉዞው ሲደርስ ግን «እንዴት ዋሉ?» ብላ ተቀበለችው። ወደ «እርስዎ» ተመልሳለች። እሱም አንቱታውን በአንቱታ መለሰ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ብቻውን ሲሆን ያቺን ቃል እየደጋገመ ይላት ነበር። ተመለስ። አንተ፣ ተመለስ። የተናደደ ሰው ድምፅ ይህን ያህል ይናፍቃል ብሎ ማን አስቦ።

የቧንቧው ወሬ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከማራገቢያዎቹ እስከ ኮረብታው ድረስ መሬት ለመሬት ቧንቧ እንደሚዘረጋ፣ ቦቴዎቹም ሥራ እንደሚያቆሙ መሐንዲሱ ሹፌሮቹን ሰብስቦ ነገራቸው። ማራገቢያዎቹ በብዙ እጥፍ ሊጨመሩ ነው፤ በቦቴ ተመላልሶ አይዘለቅም። ደግሞም አየር ልናጸዳ ብለን መንገድ ሙሉ ጭስ መልቀቅ አያምርም አለ። እውነቱን ነበር፤ ሬዲዮም እውነትነቱ አልጠፋውም። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፣ አንዳንዶቹ ሌላ ጭነት ፍለጋ ሄዱ። ለሬዲዮ ከመስመሩ እኩሌታ ላይ የሚሠራውን የመዝጊያ ጣቢያ እንዲጠብቅ ጥያቄ ቀረበለት፤ እሺ አለ። ያንገበገበው ሥራው አልነበረም። ያ አንድ ሰዓት ነበር።

ለመጨረሻው ጉዞ እህቱ አዲስ ሸሚዝ ሰፋችለት። «ዛሬ አፍህን ክፈት» አለችው አንገትጌውን እያስተካከለች። «አይዞህ፣ ዝንብ አይገባብህም።» መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሄደ። አጭር ነበር። እዚህ መምጣት የለመድኩት ለሥራው ብቻ አይደለም፤ ይኸው ነው።

ቱቦው ተገጠመ፣ ፈሳሹ መውረድ ጀመረ፣ ወደ መጠለያው ወጥተው ተቀመጡ። ቀድማ የተናገረችው እሷ ነበረች። ፓምፕ ጭኖ የመጣ አንድ ሹፌር ወደብ ከተማ፣ መርከብ መጠገኛው ውስጥ፣ ባሏን የሚመስል ሰው አይቻለሁ ብሏታል። አማቷ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀምስም ብላለች።

«ብቻዬን ልወስዳት ፈራሁ» አለች። «መንገዱን አይደለም የፈራሁት። ይወስዱናል?»

ያዘጋጀው ነገር ሁሉ አፉ ውስጥ ደረቀ። «እወስዳችኋለሁ» አለ።

እህቱ ይህን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች። የገዛ ጉድጓዱን በገዛ እጁ የሚቆፍር ሰው አይቼ አላውቅም ብላ ስታበቃ ለመንገድ ዳቦ ጠቀለለችለት።

በአሮጌ ፒካፑ ሄዱ። አሮጊቷ ከፊት ተቀመጠች፣ ምራቷ ከኋላ። አሮጊቷ ስለ ልጇ ልጅነት ስታወራ ቆየችና ድንገት ወደ ሬዲዮ ዞራ ሚስት አለህ ወይ አለችው።

«ሞታለች፣ እማማ።»

«ትናፍቅሃለች?»

«ትናፍቀኛለች።»

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ሰው ነህ» አለች።

መርከብ መጠገኛው የብረት ጩኸት የነገሠበት ሰፊ ግቢ ነበር። የሥራ ኃላፊው ስሙን ሰምቶ ወደ ውስጥ ላከ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ፤ ምሳ ያመጣችለት ትንሽ ልጅ እጁን ይዛ ነበር። አባባ እያለች ነው የምታወራው። ሰውየው እናቱን ሲያይ እግሩ ተሳሰረ።

ሬዲዮ ፒካፑን ተደግፎ ቆሞ ሁሉንም አየ። ሰውየው እናቱ እግር ላይ ተደፋ። መጀመሪያ ሥራ አጥቼ አፈርኩ አለ፣ ቀጥሎ ጊዜው ስለሄደ አፈርኩ፣ በኋላ ደግሞ ልጅ ተወለደ፤ እያለ የጀመረውን ሳይጨርስ ለቅሶ ቀደመው። ባለ ጉድጓዷ ቆማ ታየዋለች። ለስንት ዘመን በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ያለችለት ሰው ይኸው ነው፤ ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ በሕይወት አለ። ብዙ ትናገራለች ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል።

«እናትህን አምጥቼልሃለሁ» አለችው።

ሰውየው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ሬዲዮ ያን ቀን የራሱ ልብ ከበደው። መንገዱን ሁሉ፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በፊት ለብዙ ወራት፣ ይህ ሰው ባይገኝ ብሎ ተመኝቷል። አሁን ፊቷን ሲያይ ግን ሞቶ ቢሆን፣ ወይም ታምኖ ሲጠብቃት ቢገኝ በተሻላት ነበር አለ በልቡ፤ ከዚህ በቀር ማንኛውም ነገር።

የአሮጊቷን ሻንጣ አወረደ። አሮጊቷ የልጅቷን ጸጉር ዳበሰች፣ ስሟን ጠየቀች፣ ጉንጯን ሳመቻት። ከዚያ ከዘራዋን ይዛ ወደ ፒካፑ ተመልሳ ከፊት ወንበር ላይ ወጣችና ሬዲዮን ሻንጣውን መልስ አለችው። ልጇ በመስኮቱ እየለመናት ነበር።

«አየሁህ፤ በሕይወት አለህ፤ ተመስገን» አለችው። «ቤቱን ታውቀዋለህ፣ ስትፈልግ ና። እኔ የምኖረው ግን ከልጄ ጋር ነው።» ልጄ ስትል በአገጯ ያመለከተችው ምራቷን ነበር።

ሲመለሱ መንገዱ አጋማሽ ላይ ባለ ጉድጓዷ አቁሙልኝ አለች። ወርዳ ጀርባዋን ሰጥታ ሜዳው ውስጥ ብዙ ቆመች። ሬዲዮ በሩን ሊከፍት ሲል አሮጊቷ ክንዱን ያዘችው፤ ተዋት አለችው። ተዋት።

ቤታቸው ደርሰው ሻንጣውን ካስገባ በኋላ ባለ ጉድጓዷ እስከ በር ሸኘችው። «የዚያን ዕለት፣ ቦቴው ሲራገፍ፣ ልትናገር የነበረውን አውቃለሁ» አለችው። «ሸሚዝህ ራሱ ይናገር ነበር። ግን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አሁን ማንንም መጠበቅ አልፈልግም። አንተንም ቢሆን።»

አንተ ማለቷን ልብ ብሎታል፤ ደስ ሊለው ግን አልቻለም።

«አትጠብቂኝ» አላት። «መጠበቁን ለእኔ ተይው። ካልጠራሽኝ አልመጣም።»

የመዝጊያ ጣቢያው ሰው ከማይኖርበት ሜዳ መሃል ነው። በሽቦ የታጠረች ጠባብ ግቢ፣ አንድ ክፍል ቤት፤ ቧንቧው ከመሬት ብቅ ይልና መዝጊያውን አልፎ ተመልሶ ይቀበራል። የሬዲዮ ሥራ ግፊቱን ማንበብ፣ መስመሩን ይዞ በእግሩ መሄድ፣ በየረባዳው የተተከሉትን ጋዝ ጠቋሚዎች መፈተሽ ነበር። ከማራገቢያዎቹ የተነሳው ሁሉ በእግሩ ሥር አልፎ እሷ እጅ ይገባል። እሱ ብቻ አይሄድም። እኩለ ቀን ሲሆን፣ ድሮ ቦቴው በሚራገፍበት ሰዓት፣ የያዘውን ሥራ ሁሉ ትቶ ደጅ ወጥቶ ይቀመጥ ነበር። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

አንዳንዴ ሁለቱ ናፍቆቶች ይደበላለቁበታል። ሚስቱ ዘንድ የሚያደርስ መንገድ የለም፤ ያን ናፍቆት እንደ አሮጌ ቁስል ለምዶታል። ይህኛው ግን ፒካፑን ቢያስነሳ ከቀትር በፊት የሚደርስበት ነው። ቃል ሰጥቷል፤ አልሄደም። የሚያልፈውን መሐንዲስ እንደዋዛ ይጠይቀዋል። ደህና ናት፤ ጸጉሯን ተቆርጣለች፤ አማቷ ታማ ነበር፣ ተሽሏታል። ይህን ይዞ ሳምንት ይቆይበታል።

እህቱ በየጊዜው ትደውላለች። «አልጠራችህም?»

«አልጠራችኝም።»

«እኔ ልደውልላት?»

«እትዬ፣ እንዳታደርጊው።»

ዝናቡ መጥቶ አለፈ። ሜዳው ለምልሞ መልሶ ሲደርቅ አንድ ረፋድ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። መዝጊያውን ሊፈትሽ ከመጣው መሐንዲስ ጋር ባለ ጉድጓዷ ወረደች። መሐንዲሱ መሣሪያውን ዘርግቶ ሥራውን ሲጀምር እሷ የክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ውስጡን አየች።

«ወንበርህ አንድ ብቻ ነው?» አለችው።

«እንግዳ ሲመጣ እኔ እቆማለሁ። እስካሁን ግን አልቆምኩም።»

ሳቀች። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ባሏ ልጅቷን ይዞ አንድ ጊዜ መጥቶ እንደነበር ነገረችው። አሮጊቷ ማንም እንዲነካው በማትፈቅደው በዚያ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «ሻይ ቀዳሁለት» አለች። «እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። ከሄደ በኋላ ተኝቼ እስከ ማግስቱ አልነቃሁም።»

መሐንዲሱ ጨርሶ ሞተሩን ሲያስነሳ ገብታ ተቀመጠችና መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«የዚያን ቀን ባሕሩን አላየሁትም» አለችው። «እዚያው አጠገቤ ነበር እኮ፤ ዞር ብዬ አላየሁትም። በሚመጣው ወር ዕረፍት አለኝ። ትወስደኛለህ? አሁን የምፈልገው ሰው የለም።»

እንደሚወስዳት ነገራት። መኪናው ከሄደ በኋላ ግን ያ የመጨረሻው ቃል ሲያንገላታው ዋለ። ፍለጋ አልሄድም ማለቷ ነው ወይስ ማንንም አልሻም ማለቷ? እህቱ ስትደውል ቃል በቃል ነገራት። እህቱ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት።

«እኔ እንጃ» አለች በመጨረሻ። «አንተስ ምን ይመስልሃል?»

«አላውቅም። ግን ውሰደኝ ብላለች።»

ወሩ ገባና ሄዱ። አሮጊቷ መንገድ ሰለቸኝ ብላ ቀረች፤ እንዳልሰለቻት ሁለቱም ያውቃሉ። ባለ ጉድጓዷ ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ ባሕሩን አየች። እሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ዞራ፣ ይህ ሁሉ ውሃ እዚህ እያለ እኛ በቦቴ ስንመላለስ ኖርን አለችው፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ባይገባውም አብሯት ሳቀ።

ሲመለሱ ከፊት ወንበር ላይ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። መንገዱን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ የትኛው ኩርባ እንደሚያናውጥ፣ ከየትኛው ዳገት በኋላ የኮረብታው መብራት እንደሚታይ። ማርሹን ቀንሶ፣ መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅ፣ ቀስ እያለ ነዳ።